ባፈና «ሞቷል» ያለችው ሁሉ ይኖራል

በዚያ ዘመን አንድ መንገደኛ በጥቅምት ወር መተማ ቢገባና ነፍሰ ጡሮች የአንዲት ሴት ደጃፍ ቆመው «እባክዎ፣ ልጅሽ ሞቷል ይበሉኝ» እያሉ ሲማጠኑ ቢሰማ፣ የከተማው ሰው በሙሉ ንዳድ አናቱ ላይ የወጣበት ይመስለው ነበር። አይፈረድበትም። ጥቅምት የወባ ንዳድ ወር ነው። ዝናቡ ሄዶ ኩሬው ሲቀር በሽታው አንድም ቤት ሳይዘል ይዞራል። ሴቶቹ ግን የሚናገሩትን ያውቁ ነበር።

የሚማጠኗት ሴት ባፈና ትባላለች፤ የመተማ አዋላጅ ናት። ጣልያን መተማ በገባ በሦስተኛው ዓመት ዕድሜዋ ከአርባ ጥቂት አለፍ ብሏል። ቁመቷ አጠር፣ ምላሷ ረዘም ያለ ነው። ማርገዟን ደብቃ ገበያ የወጣች ሙሽራ ባፈናን ካየች መንገድ ትቀይራለች፤ ባፈና ሩቅ ሆና አረማመዷን አይታ «አንቺ፣ ሰኔን እንጠብቅ ወይስ ሐምሌን?» ብላ በሰው ፊት ስለምትጠይቅ ነው። ሰው ይስቃል፣ ሙሽራዪቱም በኋላ ትስቃለች።

ልማዱ እንዲህ ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ልጁ በሆዷ ዝም ሲልባት፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሳይራገጥ ሲቀር፣ ዶሮዋን አንጠልጥላ ባፈና ዘንድ ትመጣለች። ባፈና ሆዷን ትዳስሳለች፤ ከዚያ ከሁለት ወገን የተቆረጠ የቅል አንገት አውጥታ ሆዷ ላይ ትደግንና ጆሮዋን ለጥፋ ረጅም ጊዜ ታዳምጣለች። ሲበቃት ብድግ ትልና ደጅ ወጥታ፣ ፊቷን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጋ፣ «ሞቷል፤ ቅበሩት» ትላለች። ደጅ የቆሙት ሴቶች እልል ይላሉ። እርጉዟም ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ባፈና «ሞቷል» ያለችው ልጅ እንደሚኖር ከመተማ እስከ ሸሕዲ፣ ከሸሕዲ እስከ ሽንፋ ያልሰማ አልነበረም።

ይህ እንዴት እንደተጀመረ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ባፈና ራሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ባፈና የተወለደችው ስሜን፣ በየዳ ላይ፣ ደመና በግር የሚረገጥበት አገር ነው። እዚያ አየሩ ቀጭን ነው። አቀበት የወጣ ጎበዝ ሦስት ቃል ተናግሮ አራተኛውን ቆሞ ይተነፍሳል። እናቷም አዋላጅ ነበረች፤ ባፈና ገና በአሥር ዓመቷ እናቷን ተከትላ እየሄደች የእትብት ክር ትይዝላት ነበር። የበየዳ ልጆች ሲወለዱ ትንንሽ ናቸው፤ እጅ እግራቸው ቀጭን፣ ራሳቸው ግን ሙሉ፣ መልካቸው እንደ ድልህ የቀላ። አንድ ቀን ባፈና እናቷን ምክንያቱን ጠየቀቻት።

«ልጅ በሆድ ሳለ የሚኖር በናቱ ትንፋሽ ነው» አለች እናቷ። «እዚህ ደግሞ ለናትየውም ትንፋሽ አይበቃ። ክረምት ጎተራው ሲጎድል ምን እናደርጋለን? መጀመሪያ ጠላ መጥመቅ እንተዋለን። ቀጥለን ከቁርሳችን እንቀንሳለን። የዘር እህሉን ግን ብንሞት አንነካ። ልጁም እንዲያ ነው። ከእጁ ይቀንሳል፣ ከእግሩ ይቀንሳል፣ መራገጡንም ይተዋል። ራሱንና ልቡን አይነካ፤ እነሱ የዘር እህሉ ናቸው።»

ባፈና ይህን ሰምታ አደገች፣ አገባች፤ ከባሏ ከደምለው ጋርም ሰሊጥ ለማጨድ ለሁለት ወር ብላ ወደ ቆላ ወረደች። ሁለት ወሩ ሃያ ዓመት ሆነ። ደምለው ቆላውን የወደደው ለንቡ ነው። ሰሊጥ ሲያብብ ንብ ያብዳል፤ ደምለውም አብሮ ያብዳል። በዓመቱ አሥራ ሁለት ቀፎ ሰቀለ፤ ባፈናም አዋላጅ ሆና የሰውን ቀፎ ትጠብቅ ጀመር።

የመጀመሪያ ስህተቷን የሠራችው ያን ጊዜ ነው። መተማ ስትደርስ የቆላው አየር እንደ ገንፎ ወፈረባት። እዚህ አገር ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው የለም፣ እናቴ ያለችው የደጋ ነገር ነው፣ ብላ ደመደመች። ንዳድ የሰውን ደም እንደሚያቀጥን፣ ደሙ የቀጠነ ሰው ደግሞ በወፍራም አየር መካከል ሆኖ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ገና አላየችም ነበር። ደጋ የተማረ ሰው ቆላ ሲወርድ ጋቢውን እንጂ ዕውቀቱን መቼ ማውለቅ እንዳለበት አያውቅም፤ ባፈና ሁለቱንም አወለቀች።

የጥጥ ነጋዴ ሚስት የነበረችው ዘሊካ ያን ዓመት በጥቅምት በንዳድ ወደቀች። የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። መዳፏ ነጭ ሆነ፣ ከንፈሯም ነጭ ሆነ፤ ልጁም ሁለት ቀን ዝም አለ። ባፈና ተጠርታ ሄደች። እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነበር፤ ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ፈርታለች። «ሞቷል» አለች። የሞተ ሽል ሲቆይ እናቱን እንደሚገድል ስለምታውቅ የሚያስወጣውን ሥር ወቅጣ በጽዋ በጠበጠች፤ ጽዋውን ለዘሊካ ሰጥታ ደጅ ወጣችና አለቀሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ዘሊካ ሕያው ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ትንሽ ናት፤ እጅ እግሯ ቀጭን፣ ራሷ ሙሉ፣ መልኳ እንደ ድልህ የቀላ። ባፈና ስታያት አወቀቻት፤ ቁርጥ የበየዳ ልጅ ናት። ሕፃኗ ሁለት ቀን ዝም ያለችው ሞታ ሳይሆን ቆጥባ ነው። ባፈና «አሁን ይወግሩኛል» ብላ ስትጠብቅ፣ ዘሊካ ከአራስ ቤት ሆና ለጠያቂው ሁሉ ሌላ ታሪክ አወራች። «ባፈና እኮ ታውቅ ነበር» አለች። «ሞቷል ያለችው የቡዳ ዓይን እንዲተወኝ ነው። ዓይን የሞተ ነገር አይፈልግ። የሰጠችኝም መረቅ ነው።» ገበያው ይህን ሰምቶ ተደነቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር ዶሮ ይዛ መጣች፣ «እኔንም ሞቷል ይበሉኝ» ብላ።

ባፈና እውነቱን መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ዘሊካ የዋህ ሆና ይህን ያመነች፣ መድኃኒቱም በእግዜር ቸርነት የከሸፈ መሰላት። ዝምታዋ እያደር ዝና ሆነ። ብቻ አንድ ነገር ለራሷ ማለች፦ ዳግመኛ ሳትሰማ አትፈርድም።

ማዳመጥን ያስተማራት ደምለው ነው፤ ማስተማሩን ግን እሱም አላወቀ። በበጋ አበባ ሲጠፋ ንቡ ድምፁን ያጠፋል፤ ደምለው ቀፎውን ከፍቶ እንዳያውከው የቅል አንገት ደግኖ ያዳምጣል። «ዝም ያለ ቀፎ ሁሉ ባዶ አይደለም» ይላል። ባፈና የቅሉን አንገት ከእጁ ነጥቃ ሄደች፤ እሱም ሌላ ቅል ቆረጠ። ከዚያ ወዲያ የሽሉን ልብ ራሷ ትሰማለች። ልቡን የሰማችለትን ብቻ «ሞቷል» ትላለች። ልቡን ያጣችበት ጊዜ ደግሞ ነበረ። ያን ጊዜ ቃሉን አትናገርም፤ ደጅ ወጥታ ታለቅስና ተመልሳ ከሴትየዋ አጠገብ ትቀመጣለች። ሴቶቹ ባፈና ስታለቅስ ካዩ ነገሩ ገባቸው ማለት ነው።

ያቺ ድልህ የመሰለች የዘሊካ ልጅ መስቱራ ተባለች። አደገች፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷም የገበያውን ሱቅ ያቀናውን በሽርን አገባች። በሽር ስኳርና አቡጀዲ ከጋላባት እያሻገረ የሚሸጥ፣ ሚስቱን ሲያይ ሚዛን የሚረሳ ሰው ነው። ዘሊካ የልጇን ሠርግ አይታ ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች። መስቱራ ስታረግዝ ከበሽር ቀጥሎ ያበደችው ባፈና ነበረች፤ ሆዷን በሳምንት ሦስት ጊዜ ትጎበኛለች።

መጣ ደግሞ ጥቅምት። በዚያ ዓመት የጣልያን ጦር ሰፈር ውስጥ ወታደሩ በንዳድ እንደ ማሽላ ረገፈና ሐኪም መጣ፤ ኪኒን የሚባል መራራ እንክብልም ለከተማው ሰው ይታደል ጀመር። ጣልያንን የሚወድ አልነበረም፤ ኪኒኑን ግን ማን ይጠላል። ደምለው ሁለት ቀን ዋጠና ንዳዱ ለቀቀው፤ ከዚያ ግን ጆሮውን ይዞ ይዞር ጀመር። «ባፈና፣ ንቡ ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል» አለ። «የቱን ንብ?» አለች። «ሁሉንም።» የዋጠው ሁሉ እንዲሁ ጆሮው ይጮሃል። ገበያው ለሦስት ሳምንት በጩኸት ካልሆነ አይነጋገርም ነበር፤ ዋጋ የሚደብቅ ነጋዴ ሁሉ ተጋለጠ።

መስቱራ በስምንተኛ ወሯ በንዳድ ወደቀች። ልክ እንደ እናቷ መዳፏ ነጭ ሆነ፣ ልጁም ሦስት ቀን ዝም አለ። በሽር ሱቁን ዘግቶ ወደ ጦር ሰፈሩ ሮጠ፤ ለንዳዱ ሐኪሙን ይለምናል። እናቱ ደግሞ ባፈናን አስጠራች።

ባፈና የቅል አንገቷን ደገነች። አንድ ቦታ ሞከረች፣ አጣች። ሁለተኛ ሞከረች፣ አጣች። የራሷ ልብ እየደለቀ አስቸገራት። ትንፋሿን ይዛ ከእምብርቱ በታች በስተግራ ስታደርገው አገኘችው፦ ደከም ያለ፣ ከሌላ ጊዜው ዘግየት ያለ፣ ግን ሳይቋረጥ የሚሄድ። መስቱራን ጉንጯን ነካ አደረገቻት።

«ደህና ነው?» አለች መስቱራ በደከመ ድምፅ።

«እንዳንቺው ቆጣቢ ነው። ተኚ።»

ደጅ ስትወጣ የበሽር እናትና አምስት ስድስት ጎረቤት ቆመዋል። የሚጠብቁትን ታውቃለች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ሞቷል፤ ቅበሩት» አለች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

በዚያች ቅጽበት በሽር ሐኪሙንና አስተርጓሚውን ይዞ በአጥሩ በር ገባ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ቆዳው ቢጫ የሆነ፣ ራሱም ንዳድ የጠገበ ሰው ነበር። አስተርጓሚው ሽኩር ይባላል፤ ከከረን የመጣ ነው፤ የመተማን ልማድ ከየት ያውቃል? የሰማውን ተረጎመ፦ አዋላጅዋ ልጁ ሞቷል አለች፣ ሴቶቹም ደስ አላቸው። ሐኪሙ ቆሞ አፉን ከፈተ። ከዚያ እየተቻኮለ ገባ።

ከቦርሳው ትንሽ የእንጨት መለከት የመሰለች ማዳመጫ አውጥቶ የመስቱራ ሆድ ላይ ደገነ። አዳመጠ፤ ቦታ ቀየረ፤ አዳመጠ። ትንሿን ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ነቀነቀና እንደገና አዳመጠ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሽኩር ተረጎመ።

«አዋላጅዋ ልክ ናት ይላል። ልጁ ሞቷል። የሞተው ሳይመርዛት ነገ ጧት ወደ ጦር ሰፈሩ ትምጣና ይወጣላታል።»

በሽር ግድግዳውን ተደገፈ። እናቱ ብቻ ፈገግ ብላ ቆማለች፤ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ እንደ ልማዱ ነው የሄደላት። ባፈና ግን አደጋው ገባት። ይህ ሰው ቃሏን እንደ ቃል ወስዶታል፤ ነገ ደግሞ የሚመጣው በጽዋ ሳይሆን በብረት ነው።

«ሕያው ነው» አለች ባፈና ወደ ሽኩር ዞራ። «ስማ ልጄ፣ ንገረው። ሕያው ነው። ልቡን አሁን ሰምቼዋለሁ።»

ይህን ስትሰማ የበሽር እናት ፈገግታዋ ጠፋ። ተንደርድራ መጥታ የባፈናን አፍ በእጇ ከደነች።

«ምን ነካዎት አንቱ? ሞቷል ያሉት ሁሉ ኖረ። ሕያው ነው ያሉት ግን እስከ ዛሬ አንድ የለ። የልጄን ልጅ ሊገድሉብኝ ነው?»

ሐኪሙ ምን እንደሚባባሉ ጠየቀ፤ ሽኩር ሊተረጉም ሞከረና ተወው። መስቱራ ከአልጋው ላይ ሆና በደረቀ ከንፈሯ ለመነቻት።

«እትዬ፣ ለእኔም ሞቷል ይበሉልኝ። ለእናቴ እንዳሉት።»

ባፈና የበሽርን እናት እጅ ከአፏ ላይ አነሳችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ስም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ከነዶሮው፣ ከነክብሩ፣ ከነእልልታው። ከዚያ ስም ሌላ በዚህ አገር ምንም የላት። ብትይዘው ልጁ ይሄዳል።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩ» አለች። «የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለዘሊካ ሞቷል ያልኳት ዓይን ላባርር አይደለም። እውነት መስሎኝ ነው። የሰጠኋትም መረቅ አልነበረም፤ ሽል ማስወጫ ነበር። መስቱራ በእኔ ጥበብ አይደለም የተረፈች፤ ከእኔ ጥበብ ነው የተረፈች። ከዚያ ወዲህ የማዳምጠው ዳግመኛ እንዳልሳሳት ነው። ልቡ ሲመታ ከሰማሁ በኋላ ነው ለናንተ ደስ እንዲላችሁ ሞቷል የምላችሁ። ቃሌ አንድም ልጅ አላዳነ። ይህ ልጅ ሕያው ነው፤ ማመን ካልቻላችሁ ስሙት።»

የበሽር እናት ተቀመጠች። ሐኪሙ ሽኩርን በጣቱ ጎሸመው፤ ሽኩርም ላብ እየጠረገ የቻለውን ተረጎመለት። ሐኪሙ አንድ ነገር አለና እንደገና ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ።

ባፈና ያንን ጣት አየችው። ደምለውና ንቦቹ ትዝ አሏት።

«ኪኒን ይውጣል?» ብላ ሽኩርን ጠየቀችው።

«በየቀኑ።»

«ጆሮው ይጮሃል?»

ሽኩር ጠየቀው። ሐኪሙ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገመና ጮክ ብሎ መለሰ። «እንደ ባቡር ይጮሃል ይላል።»

«እንግዲያ ራሱን ነው ያዳመጠው» አለች ባፈና። «በሽር፣ አንተ ኪኒን ውጠሃል?»

«አልዋጥኩም፤ እኔ ጋ ንዳዱ አልመጣም።»

«ና ወዲህ። ያንን የስኳር ጣሳ ይዘህ ና።»

በሽር ተንበረከከ። ባፈና የቅሉን አንገት ትክክለኛው ቦታ ላይ ደግና ጆሮውን ለጠፈችበት፤ ባዶውን ጣሳ ከጉልበቱ አጠገብ አኖረችለት። «የሰማኸውን በጣትህ ምታው። ሌላ ምንም እንዳትል።» በሽር ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ጣቱም ጣሳውን ትመታ ጀመር፦ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ሐኪሙ የኪስ ሰዓቱን አወጣ። በአንድ እጁ የመስቱራን የእጅ ትርታ ይዞ በሌላው ሰዓቱን ያያል። የእናቲቱ ትርታ ሌላ፣ የጣሳው ሌላ ነው፤ ጣሳው ይቀድማል። ጠርጣራ ሰው ነውና በሽርን አስነስቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አስዙሮ፣ ጥቂት አስቆይቶ እንደገና አስደመጠው። በሁለተኛውም በደቂቃ መቶ ሃያ ገደማ ሆነ። ሐኪሙ ሰዓቱን ከደነና ጆሮውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ሳቀ። በሽር ግን ከሚስቱ ሆድ ላይ አልነሳ አለ፤ ዕንባው በቅሉ ላይ እየወረደ ጣሳውን ይመታል።

«በቃህ» አለች ባፈና። «ልጁን ዕረፍት ነሳኸው።»

ሐኪሙ ከዚያ ተቀምጦ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሽኩርም እየተከተለ ተረጎመ። ልጅ በሆድ ሳለ በአፍንጫው አይተነፍስም። ትንፋሹ ከእናቱ ደም በእትብቱ ይመጣለታል። ንዳድ የእናቱን ደም ሲያቀጥነው ትንፋሹ ይጎድላል፤ ያኔ ልጁ መንቀሳቀሱን ይቀንሳል፣ ወደ እጅና እግሩ የሚሄደውን ደም ያጠብና ለአንጎሉና ለልቡ ይልካል፤ የራሱንም ደም ያበዛል፣ ለዚህም ነው ቀልቶ የሚወለድ።

ባፈና እስኪጨርስ ታገሠች። «እናቴ ይህን ሁሉ በአንድ ዘር እህል ጨርሳዋለች በለው» አለች።

ሽኩር የዘር እህሉን ነገር ነገረው። ሐኪሙ ሰምቶ ጣቱን አነሳ። ራብ ከረዘመ የዘር እህሉም ይነካል፤ ስለዚህ ንዳዱ ዛሬ መቆረጥ አለበት፣ አለ። በዚህ ባፈናም ተስማማች። ኪኒኑን እየከፋፈሉ ሊሰጧት ተማከሩ፤ ስንት ጊዜ፣ ስንት ስንት እንደሆነ ሁለቱ እንደ ገበያ ሰው ተከራከሩና ሐኪሙ ትንሽ ወረደ፣ ባፈና ትንሽ ወጣች።

መስቱራ በግራ ጎኗ ተኝታ ቀረች። በሽር የፍየል ጉበት ያስጠብስላታል፣ እናቱ ወይካ የሚሉትን የባሚያ ወጥ ትሠራላታለች፤ ውኃ መቅዳት፣ ማሽላ መውቀጥ ቀርቶ ከአልጋ ስትወርድ የሚቆጣ ሦስት ሰው አለ። ንዳዱ በአምስተኛው ቀን ለቀቃት። በሽር በየጧቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በቅሉ አንገት እያዳመጠ ጣሳውን ይመታል፤ ጎረቤቱም «እንዴት አደራችሁ» ማለቱን ትቶ ጣሳውን መስማት ለመደ። በአሥረኛው ቀን ጣሳው ፈጠን አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጁ የአባቱን ጆሮ ረገጠው፤ በሽር ይህንን ለስኳር ገዢ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

የባፈና ስምስ ምን ሆነ? ፈርቶ የሚሸሻት ሰው ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር። የበሽር እናት ለሳምንት ኩርፊያ ላይ ሰነበተች፤ ከዚያ ራሷ ዶሮ ይዛ መጣች፣ «ያኔ አፍዎን በመያዜ» ብላ። ሌሎቹም መምጣታቸውን አልተዉም። ቃሉን ብቻ መጠየቅ ተዉ፤ አሁን ባሎቻቸውን እያስከተሉ ነው የሚመጡት፣ ጣሳ ይዘው።

ኅዳር ሲጋመስ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ሲቆም፣ መስቱራ አንድ ጧት አማጠች። እኩለ ቀን ሳይሆን ልጅቱ መጣች። ትንሽ፣ እጅ እግሯ ቀጭን፣ ራሷ ሙሉ፣ መልኳ ድልህ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ባፈና ጀርባዋን እያሸች «ቁጠባው አልቋል እኮ፣ አሁን የፈለግሽውን ያህል ተንፍሺ» አለቻት። ልጅቱም ነገሩ የገባት ይመስል አፏን ከፍታ ትንሽ ጮኸችና ጡት አግኝታ ዝም አለች።

ባፈና እጇን ታጥባ ስትጨርስ መስቱራ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት።

«እትዬ፣ የእናቴ አደራ አለብኝ። በእርስዎ እጅ ስወልድ እንድነግርዎ አስምላኛለች።»

«ምን?»

«እናቴ ያንን መድኃኒት አልጠጣችውም። አመዱ ላይ ነው የደፋችው። ጽዋውን ስታነሳ አንዴ ንቅንቅ አልኩባት አለች። እርስዎ ደግሞ ደጅ ሆነው ሲያለቅሱ ትሰማለች። መሳሳትዎን ያን ጊዜውኑ አወቀች። በስህተትም ቢባል ቃሉ የጠበቀኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚያ ነው ያን ዕለት የለመንኩዎ።»

«እና የዓይኑን ነገር፣ የመረቁን…»

«እሷ ናት የፈጠረችው። እርስዎ እንግዳ ነበሩ፤ ዘመድ አልነበረዎ። ተሳስታለች ብል በማግስቱ ከመተማ ያስወጧት ነበር አለች። ለሰው ልጅ እንዲህ የምታለቅስ ሴት ትማራለች እንጂ አትባረርም አለች።» መስቱራ ልጅቱን አቀፈቻት። «ስሟን ዘሊካ ብለናታል።»

ባፈና ጎንበስ ብላ ሕፃኗን አየቻት። አሥራ ስምንት ዓመት ከዘሊካ ጋር በአንድ ገበያ ውላለች፣ ስቃለች፣ ማር ልካላታለች። ያቺ ሴት አንድ ቀን እንኳ ማወቋን በዓይኗ አላመለከተቻትም። ባፈና ቀስ ብላ ተነስታ ደጅ ወጣች፤ ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ሃያ ሦስት ዓመቷ አለቀሰች።

ግቢውን ሞልተው የሚጠብቁት ሴቶች አዩዋት። ባፈና ስታለቅስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? የበሽር እናት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ በሽር የያዘው ጣሳ ከእጁ ወደቀ። አንደኛዋ ሴት ዋይታ ልታወጣ አፏን ስትከፍት፣ ከውስጥ ሕፃኗ ዘሊካ ጡቱን ለቃ እሪ አለች። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ባፈና።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ባፈና አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «ሕያው ናት። እኔ የማለቅሰው ለሌላዋ ዘሊካ ነው።»